ያልተቀመሰ ወጥ

«ቅመሺው» አለ ጓድ ሀብቴ፣ ሳህኑን በጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ እየገፋ።

ይመኙሽ ጭልፋዋን አስቀምጣ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ሳህኑ ላይ ያለው ቀይ ወጥ ራሷ ከግማሽ ሰዓት በፊት ያወጣችው ነው። አንድ ጉርሻ ብቻ ጎድሎለታል።

«ምነው፣ ምን ሆነ?»

«ቅመሺው ነው የምልሽ።»

አልቀመሰችም። ጎንበስ ብላ አሸተተችና «ጨው የበዛበት ይመስላል» አለች።

«ይመስላል?» ጓድ ሀብቴ ሳቅ አለ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። «ይህ ሁሉ ሰው ምሳውን ትቶ ውሃ ሲጨልጥ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጬ አያለሁ፤ አንቺ እዚህ ሆነሽ ‹ይመስላል› ትያለሽ። ለመሆኑ የሠራሽውን ወጥ ሳትቀምሺ ነው የምታወጪው?»

ቀኑ ጸሎተ ሐሙስ ነበር። ከማዕድ ቤቱ ጀርባ፣ ከግንቡ ወዲያ ካለው ቤተ ክርስቲያን፣ የሰጋጆቹ «ኪርያላይሶን» እየተመላለሰ ይሰማል። እሷም ትሰማዋለች፤ እሱም ይሰማዋል፤ ሁለቱም እንዳልሰማ ሰው ቆመዋል።

ጾም ይዛ ሥጋ የምታበስል ሴት ወጥ አትቀምስም። ጨውን በአፍንጫዋ ትለካለች። እንፋሎቱን በመዳፏ ወደ ፊቷ ትስባለች፣ ወጡ ከማማሰያው ላይ እንዴት እንደሚንጠባጠብ ታያለች፣ ቀሪውን ለእመቤታችን ትተዋለች። ይመኙሽ በጎንደር ሆቴሎችና በሰው ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ስታበስል ሁዳዴ በገባ ቁጥር እንዲሁ ነው የኖረችው፤ ጨው በዛ ጨው አነሰ ብሎ ሳህን የመለሰባት ሰው አልነበረም። የሳተችው ዛሬ ነው። የሳተችውም ልቧ ማዕድ ቤት ስላልነበረ ነው።

ልቧ ወህኒ ቤት ነበር። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጇ አንዳርጋቸው በጥቅምት ወር ከትምህርት ቤት ደጃፍ ተይዞ ከገባ ስድስት ወር አልፎታል። ሌላ ልጅ የላትም፤ ባሏም ከሞተ ቆይቷል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ እሑድ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ስንቁን በሳህን አድርጋ በጨርቅ ቋጥራ ታደርሳለች፤ ያለፈውን ባዶ ሳህን ተቀብላ ትመለሳለች። ልጇ በሕይወት መኖሩን የምታውቀው በዚያ ባዶ ሳህን ነው።

ጓድ ሀብቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የዚህ የፖለቲካ ትምህርት ማሠልጠኛ ኃላፊ ነው። እናቱ ወለተሩፋኤል ለሥላሴ ተስላ ስላገኘችው ሀብተሥላሴ ብላው ነበር፤ አብዮቱ ሲመጣ ግን ሥላሴን ከስሙ ላይ እንደ ካፖርት አውልቆ ሰቀለው። ይመኙሽ ወለተሩፋኤልን ታውቃታለች፤ አንድ ሰፈር ነበሩ። እሱንም ትናንሽ እግሮቹን በአቧራ አልብሶ ሲሮጥ ታስታውሰዋለች። ዛሬ ሽጉጥ ታጥቋል፤ ይሁንና ማዕድ ፊት ሲቀመጥ ቀኝ እጁ ወደ ግንባሩ ይነሣና መንገድ ላይ አሳቡን ለውጦ ፀጉሩን ያስተካክላል። ይህን ያየች እሷ ብቻ ናት፤ አብሳይ የማታየው ነገር የለም።

ጓድ ሀብቴ ተነሥቶ ከእሳቱ ጀርባ የተደበቀችውን ድስት በጭልፋው ጫፍ ከፈታት።

«ይህስ?»

«ጉልባን ነው።»

«ለማን?»

«ለእኔ።»

«ይህ ሁሉ ስንዴና ባቄላ አንቺ ብቻ የምትበይው ነው?» ክዳኑን በዝግታ መልሶ ገጠመው። «ጓድ ይመኙሽ፣ እኔን አታሞኚኝ። አርባዎቹ ሠልጣኞች በመጀመሪያው ቀን ቅጽ ሞልተዋል። ‹ሃይማኖት› በሚለው ቦታ ላይ አርባውም ‹የለኝም› ብለው ጽፈዋል፤ ፈርመዋል። ከዚያ በየቀኑ የሥጋ ሳህን ሳይነካ ይመለሳል፣ አንቺ ደግሞ በጓሮ በር ሽሮ ታድያለሽ። በዚህ የዋሸ በሌላም ዋሽቷል። ከመካከላቸው የኢሕአፓ ሰው አለ፤ ማን እንደሆነ ሳውቅ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።»

ነገሩ እውነት ነበር። ሠልጣኞቹ ከአይከል፣ ከኮላ ድባ፣ ከጠዳና ከየወረዳው የተሰበሰቡ አስተማሪዎችና የቢሮ ሠራተኞች ናቸው። ሰው ሃይማኖቱን በወረቀት ሲጠየቅ ለጠያቂው ደስ የሚለውን ይጽፋል፤ ሆድ ግን ቅጽ አይሞላም። በሦስተኛው ቀን የኮላ ድባው ሐብተ ማርያም፣ በአዳራሹ «ሃይማኖት የሕዝብ ማደንዘዣ ነው» እያለ ከሁሉ በላይ የሚጮኸው የቄስ ልጅ፣ ጨጓራዬን አሞኛል ብሎ በጓሮ በር ሽሮ ለመነ። በማግስቱ ጨጓራ የሚያማቸው አምስት ሆኑ። ሦስቱ እስላሞች ክርስቲያን ያረደውን ላለመብላት እንቁላል ጠየቁ። አሁን አሥራ አራት ደርሰዋል።

አሥራ አምስት ነበሩ። የአይከሉ ላቀው ባለፈው ሳምንት ቦርሳው ተፈትሾ ዳዊት ተገኘበትና በመኪና ተወሰደ። ፍራሹ አሁንም እንደተጠቀለለ ከመኝታ ቤቱ ጥግ ቆሟል። ስለ ፍራሹ የሚጠይቅ ሰው የለም።

«አንዳርጋቸው እንዴት ነው?» አለ ጓድ ሀብቴ ድንገት፣ ድምፁን አለስልሶ።

ይመኙሽ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«እርስዎ ያውቁታል እንዴ?»

«‹እርስዎ› የሚባል ነገር ቀርቷል ብዬሻለሁ። አውቀዋለሁ። ቅዳሜ የሚፈቱ ሰዎች ዝርዝር ይወጣል፤ ዝርዝሩን ከሚያዩት አንዱ እኔ ነኝ። ልጅ ነው፤ ተሳስቶ ነው ብል ይሰሙኛል። ግን እኔም እጄን ባዶ አድርጌ አልሄድም።» ወደ አዳራሹ አቅጣጫ በአገጩ አመለከተ። «ነገ ስቅለት ነው። ነገ ሽሮ የለም፣ እንቁላል የለም። አንድ በሬ ይታረዳል፤ አንድ ወጥ ብቻ ትሠሪያለሽ። በጓሮ በር የመጣብሽን ሰው ሁሉ አንቺ ታውቂዋለሽ። ስታወጪለት አጥንት ጨምሪለት፤ ላልመጣው አጥንት የሌለው ሥጋ ብቻ። እኔ አይቼ እጽፋለሁ። አንቺ ከአፍሽ አንድ ቃል አይወጣም።»

ይመኙሽ የምድጃውን አመድ ተመለከተች። አሥራ አራት ሰው አሰበች፤ ከዚያ አንድ ሰው አሰበች። እናት ስትቆጥር አንዱ ከአሥራ አራቱ ይበልጣል።

«እሺ» አለች።

ቃሏ ከአፏ ወጥቶ ሲያበቃ ጓድ ሀብቴ ሄዷል። ወጡን ደፍታ ያንኑ ሳህን ሁለት ጊዜ አጠበች፤ ከራሷ ጋር የተጣላች ሰው ትመስላለች።

ከልጇ ጋር የተጣላችው በዚሁ በምግብ ነበር። አምና በአንድ ዓርብ አንዳርጋቸው ቤቷ ውስጥ፣ በእሷ መጥበሻ፣ እንቁላል ጠብሶ ሲበላ ደረሰችበት። መጥበሻውን ከነእንቁላሉ ደጅ ወረወረችው። ልጁ አልተቆጣም። «እማዬ፣ እግዜር ቢኖር እንኳ ድስት ሲቆጥር አይውልም» አላት። ሁለት ወር ሳይነጋገሩ ቆዩ። ያ ሁለት ወር አሁን ያንገበግባታል።

ሁዳዴ ሲገባ የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄዳ አለቀሰች። «ልጄ ሃይማኖት የለኝም ብሏል። በረሃቡ ላይ የእኔን ጾም ልጨምርበት?» ብላ ጠየቀች። ቄስ ወልደኢየሱስ «የታሰረ ሰው ጾም የለበትም፤ ሥጋም ላኪለት» አሏት። ከዚያ ወዲህ ለልጇ ሥጋ ታበስላለች፤ የእሱንም ወጥ በአፍንጫዋ እየለካች። ሳህኑ ሁልጊዜ ተልሶ ነበር የሚመለሰው። ትናንት ረቡዕ የተመለሰላት የሆሣዕናው ሳህን ግን ሌላ ነበር። እንጀራው አልቋል፤ ሥጋው ለብቻው ወደ ዳር ተገፍቶ፣ ሳይነካ፣ ደርቆ መጣ። ታመመ? ተጣላኝ? ወይስ ሰሙነ ሕማማት ነው ብሎ ጾመ? ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሥጋው ከዓይኗ አልጠፋ አለ። ጨው የበዛው በዚህ ነው።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የጓሮው በር ተንኳኳ። የመጣው ማለደ የሚባለው ሠልጣኝ ነበር፤ ከጠዳ ወዲያ ካለ መንደር የመጣ ቀጭን የሂሳብ አስተማሪ። ሌሎቹ ሽሯቸውን ተቀብለው እንደ ሌባ ዞር ሲሉ እሱ ብቻ ከበሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይበላል፤ ሳህኑንም አጥቦ ይመልሳል።

ጉልባኑን ሰጠችው። ፊቱን ላለማየት ወደ ግንቡ እያየች «አይዞህ፣ ጾሙ እያለቀ ነው። ለፋሲካ ቅልጥሙን ላንተ ነው የማስቀምጥልህ» አለች።

«እኔ በፋሲካም አልበላም፣ እትዬ።»

«ምነው? እንዳንተ ያለ ጾመኛ አላየሁ።»

«ጾመኛ አይደለሁም።» ጉልባኑን በማንኪያው አገላበጠ። «አባቴ ቀጥቃጭ ነው። እናቴ ሸክላ ትሠራለች። የአገሩ ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራን ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ልጅ ሆና ከእነዚያ ሰዎች ሸክላ ሲገዛ ዓይናቸውን እንዳታይ እናቷ ቀሚሷን ትጎትታት ነበር። ፈላሻ ይሏቸዋል፤ እነሱ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይላሉ። ይመኙሽ ሳታውቀው ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ፣ አፍራ ያችኑ ግማሽ እርምጃ ተመለሰች። ይህ ልጅ ዐሥር ቀን ሙሉ ከእጇ ተቀብሎ በልቷል።

«እናትህ ከእኔ እጅ መብላትህን ብታውቅስ?»

«ወንዝ ሳታወርደኝ ቤት አታስገባኝም» አለና ፈገግ አለ። «ከእኛ ውጭ ያለ ሰው ነክቶ የመጣ ሳይታጠብ አይገባም። ክረምት ከበጋ ነው፤ ውሃው ደግሞ አጥንት ይሰብራል።»

«ቅጹ ላይ ታዲያ ምን ብለህ ጻፍህ?»

«‹የለኝም› አልኩ። ‹እስራኤል› ብዬ ብጽፍ የሰላይ ስም ሊመስላቸው ነው።» አንድ ማንኪያ ጎረሰ። «ግን ስጽፈው የዋሸሁ አልመሰለኝም። አስተማሪዎች ማሠልጠኛ ሳለሁ እግዜር የለም ብዬ ከጓደኞቼ ጋር ስከራከር አመሽ ነበር፤ ዛሬም ቁጭ ብዬ ሳስበው የለም ነው የምለው። ሥጋው ሲቀርብ ግን፣ የእኛ ሰው ያላረደው ሥጋ፣ ጉሮሮዬ ይዘጋል። ይህ ሃይማኖት ከሆነ አለኝ ማለት ነው። ካልሆነም ስሙን አላውቅለትም። ለዚህ የሚሆን ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም።»

ይመኙሽ ልጇን አሰበች። እንጀራው ያለቀበትን፣ ሥጋው የተገፋበትን ሳህን አሰበች። ይህ ልጅ የተናገረውን አንዳርጋቸው የተናገረው መሰላት፤ ልቧ በአንድ ጊዜ ሞቀም ተቃጠለም።

«አንቺስ ቅጽ ቢሰጡሽ ምን ትያለሽ?» አላት ማለደ ሳህኑን እያጠበ።

«እኔማ ክርስቲያን ነኝ። የማርያም አገልጋይ። ሌላ ምን እላለሁ?»

ይህን ስትል የገዛ ድምፏ ጆሮዋን ኮረኮራት። ነገ በዚህ ልጅ ሳህን ላይ አጥንት የምታስቀምጥ ክርስቲያን። ሊሄድ ሲነሣ «ነገ ብትታመም ይሻልህ ነበር፤ ወደ ምሳው ባትመጣ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ቅዳሜ ትዝ አላትና ዘጋችው።

ዓርብ ጠዋት ጉልባኑን በሳህን ቋጥራ ወደ ወህኒ ቤቱ ወጣች። ዛሬ ሥጋ አልያዘችም፤ ከጾመ ይጹም ብላ። በበሩ ላይ ያለው ሽማግሌ ዘብ ያውቃታል። በኅዳር «የሌሊቱ ብርድ እዚህ አይቻልም፤ የሚለብሰው አምጪለት» ብሎ በምክር የረዳት እሱ ነው፤ ያኔ የሟቹን ባሏን ቡናማ ጃኬት ለልጇ አምጥታለች።

«ደህና አደሩ፣ አያ። ይቺን ለአንዳርጋቸው።»

ዘቡ አልተቀበላትም። ገብቶ ቆየና አንድ የተቋጠረ ሳህንና የተጠቀለለ ጃኬት ይዞ ወጣ።

«ተዛውሯል» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ወዴት?»

«እሱ ለእኛም አይነገረን። ማክሰኞ ማታ ነው የወጡት። ረቡዕ ስንቅ የተቀበለሽ ልጅ አዲስ ነው፣ አላወቀም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከእንግዲህ አታምጪ፣ እታለም። ሂጂ። እዚህ አታልቅሽ፤ ያያሉ።»

ጃኬቱን ተቀበለች። ሳህኑን አየችው። ቋጠሮው የራሷ ነው፤ ሁለት ጊዜ ዞሮ ወደ ውስጥ የተሸጎጠው፣ ረቡዕ ጠዋት በገዛ ጣቷ ያሠረችው። ማንም አልፈታውም።

ማታ ከወህኒ የወጣ ሰው ስንቅ አይላክለትም። ይህን በዚያ ዓመት ጎንደር ውስጥ ያለች እናት ሁሉ ታውቀዋለች፤ ማልቀስም፣ ድንኳን መትከልም፣ ነጠላ ማዘቅዘቅም ክልክል እንደሆነ ታውቃለች። ይመኙሽ በእግሯ ወደ ማሠልጠኛው ወረደች። መንገድ ላይ ለስቅለት ነጭ ለብሰው ወደ ስግደት የሚሄዱ ሰዎች አለፏት። ሰሙነ ሕማማት ነውና ማንም ማንንም አይስምም፤ ማንም እጅ አልሰጣትም። ለዚያም አምላኳን አመሰገነች፤ አንድ ሰው ቢነካት ኖሮ መንገዱ ላይ በተፈረፈረች ነበር።

ማዕድ ቤት ገብታ ሁለቱን ሳህኖችና ጃኬቱን ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጠች። ሥጋው ተቆራርጦ ይጠብቃታል። ትልቁን ድስት፣ ጎላውን ጥዳ ሽንኩርቱን አቁላላች፣ በርበሬውንና ሥጋውን ጨመረች፣ እንጨት ማገደች። አሥራ አራት አጥንት መርጣ በሰፌድ ላይ ለብቻ አደረገች፤ ለምን እንዳደረገችው ግን ራሷም አላወቀችም። እጇ ትናንት የተቀበለውን ትእዛዝ እየፈጸመ ነበር።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ጓድ ሀብቴ መጣ። ሰፌዱን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ሸጋ ነው። ቀጥ ያልሽ ሴት ነሽ።»

«አንዳርጋቸው ደህና ነው?» አለች፣ ፊቷን ከጎላው ሳታነሣ።

«ትናንት ማታ ራሴ ሄጄ አየሁት። ‹ለእናቴ ሰላም በልልኝ› ብሏል። ስሙን አስገብቼዋለሁ፤ ነገ ትወስጂዋለሽ።»

«ረቡዕ ሥጋ ልኬለት ነበር። በላው ይሆን?»

«ከነአጥንቱ ነዋ» አለ ጓድ ሀብቴ እየሳቀ። «ልጅ አይደል፣ ምን ይጾማል።»

ይመኙሽ ማማሰያውን አንድ ጊዜ አዞረች። ቋጠሮው ከጠረጴዛው ሥር፣ ከእግሩ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። አልጮኸችም። የወለተሩፋኤል ልጅ ይህን ያህል ውሸት በዚህ ያህል ቅለት ከየት ተማረው ብላ ገረማት፤ መገረሟም ራሷን ገረማት። ከዚያ ደግሞ ጥላቻ መጣ፤ በሕይወቷ እንዲህ አድርጋ ማንንም ጠልታ አታውቅም።

«በይ አሁን ቅመሺ» አለ። «እንደ ትናንቱ ጉድ እንዳትሠሪኝ። ዓይኔ እያየ ቅመሺ።»

ከግንቡ ወዲያ ስግደቱ ደርቷል። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ጌታ በመስቀል ላይ ያለበት ሰዓት። ይመኙሽ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ በዚህ ቀን ውሃ እንኳ ቀምሳ አታውቅም፤ አንዳርጋቸውን አርግዛ እንኳ አልቀመሰችም። እምቢ ብትል ይህ ሰው ከዚህ አይንቀሳቀስም፤ ቁጭ ብሎ ጎላውንና እጇን ሲጠብቅ ያረፍዳል።

ከማማሰያው ጫፍ ጥቂት ወደ መዳፏ ጠብ አደረገችና ላሰችው።

ሥጋ ሥጋ አለ፤ በርበሬ በርበሬ አለ። ጨዉ ልክ ነበር። አልበዛም፣ አላነሰም። ሃያ ሁለት ዓመት በጾም በአፍንጫዋ ስትለካ የኖረችው ወጥ ሲቀመስ እንዲህ ነበር ለካ።

«እህ?» አለ ጓድ ሀብቴ።

«ልክ ነው» አለች።

«አየሽ፣ ጉሮሮ አያንቅም። አዳራሽ እጠብቅሻለሁ፤ ቶሎ አውጪው።» ፀጉሩን እያስተካከለ ወጣ።

ይመኙሽ የእግሩ ኮቴ እስኪርቅ ጠበቀች። ከዚያ በሰፌዱ ላይ ያሉትን አሥራ አራት አጥንቶች አንድ በአንድ ወደ ጎላው መለሰች። ከመደርደሪያው ላይ የጨውን ጣሳ አወረደች፤ ለወሩ የተመደበ ሻካራ ጨው ነው፣ ከግማሽ በላይ አለው። ጣሳውን ገልብጣ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ አራገፈችውና ማማሰያውን እስከ ታች ሰዳ አማሰለች።

ይህን ወጥ ሰው የተባለ አይበላውም። ጾመኛው አይበላው፣ ጾም የሌለበት አይበላው፤ እስላሞቹ፣ ማለደ፣ ራሱ ጓድ ሀብቴም ከአንድ ጉርሻ አያልፉም። ሳህኑ ሁሉ እኩል ሞልቶ ይመለሳል፤ ማን ምን እንደሚያምን ዛሬ በሳህን የሚያነብ አይኖርም። አውቃ እንዳደረገችው ግን ጓድ ሀብቴ ያውቃል። ዓይኑ እያየ ቀምሳ «ልክ ነው» ብላለችና፣ ተሳሳትኩ የምትልበት አፍ የላትም።

ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላ የጉልባኑን ሳህን አወጣች። ቋጠሮውን ፈትታ፣ ማንኪያ አድርጋበት፣ በጓሮው በር ማለደ ከሚቀመጥበት ድንጋይ ላይ አኖረችው። የሥጋውን ሳህን አልፈታችውም።

ከዚያ የልጇን ጃኬት ከጥቅሉ ዘረጋችው። እጅጌው ረዘመባት፤ ሁለቴ አጠፈችው። እኩለ ቀን ነው፣ እሳቱም ፊት ያቃጥላል፤ ቢሆንም ከሽርጧ ላይ ደርባ እስከ አንገቷ ቆለፈችው። የወህኒ ቤቱ ሌሊት ብርድ አይቻልም ብሏታል ዘቡ። ጎላውን በሁለት ጨርቅ ያዘችና ወደ አዳራሹ ወጣች።